ዝም ያለ ሁሉ የተኛ አይደለም
ስለ አንጎል ምስል፣ ስለ ቋንቋና ስለ ንቃተ ኅሊና

በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ሀይሌ ጋርመንት የሚባለው ሠፈር ስሙን የወረሰው ከልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ዛሬ ስሙን ከሚጠሩት መካከል ግን ስለ ልብስ የሚያስብ ጥቂት ነው። «ጋርመንት» የሚለው ቃል ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ በታክሲ ረዳቶች አፍ ታሽቶ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ሰዎች ሳይቀሩ በየቀኑ የሚጠሩት የአደባባይና የገበያ ስም ሆኗል። ቃሉን ከቀድሞ ትርጉሙ አላቅቆ አዲስ ትርጉም የሰጠው መዝገበ ቃላት አዘጋጅ አይደለም፤ ሕዝቡ ነው።

ከፒያሳ አትክልት ተራ ተነሥቶ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ጃን ሜዳ ሰንብቶ፣ በመጨረሻ እዚህ ሠፈር የተተከለው የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ገና ሳይነጋ ሥራውን ይጀምራል። ከጭነት መኪናው ላይ ጆንያ ይወርዳል፤ ተሸካሚው መንገድ ይለምናል፤ ደላላው ዋጋ ይጠራል። በዚያ ግርግር መካከል የምትሠራ አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ስንት ነገር በአንድ ጊዜ እንደምታከናውን ልብ ይባል። ጭነቱን ካመጣው ሰው ጋር በኦሮምኛ ትደራደራለች፤ ለደንበኛዋ በአማርኛ ትመልሳለች፤ ከእኅቷ ጋር በጉራጊኛ ትመካከራለች። የስንቱን ኪሎ ሒሳብ፣ የማንን ዱቤ፣ የየትኛውን ጆንያ ብልሽት በወረቀት ሳይሆን በልቧ ይዛ ትውላለች። ከሰዓት በኋላ ቅጽ የያዘ ሰው ይመጣል። ማንበብ ስለማትችል አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ትፈርማለች፤ በስብሰባው ላይ አስተያየት ስትጠየቅም ዝም ትላለች። በሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው ዐረፍተ ነገር አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የንቃተ ኅሊናዋ ደረጃ ዝቅተኛ ነው ይባላል።

ለመሆኑ ይህን ፍርድ የሚሰጠው ማን ነው? የሚመዝነውስ በምን ሚዛን ነው?

«ንቃተ ኅሊና» በአማርኛ ሁለት ቤት ያለው ቃል ነው። አንደኛው ቤቱ ሆስፒታል ነው፤ ሐኪሙ የታማሚውን ንቃት መዘነ ሲባል ዓይኑን መግለጡን፣ መስማቱን፣ መመለሱን መረመረ ማለት ነው። ሁለተኛው ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት ቃሉ በየውይይት ክበቡ፣ በየመድረኩና በየመጽሔቱ ሲመላለስ ኖሯል። ጭቁኑ ሕዝብ መብቱን እንዲያውቅ የተነሣ ቃል እንደነበረ አይካድም። ዳሩ ግን ውሎ አድሮ ሰውን የነቃና ያልነቃ ብሎ የሚከፍል አጥር ሆነ፤ የአጥሩም በር የአዳራሹን ቋንቋ አሳምሮ መድገም ነበር። የደገመ ነቃ ተባለ፤ ዝም ያለ ተኛ ተባለ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለውጧል፤ ሰንደቁም መፈክሩም ተለውጧል፤ ሚዛኑ ግን ብዙም አልተነቃነቀም። «ማንቃት» የሚለው ቃል «ግንዛቤ ማስጨበጥ» በሚለው ተተካ እንጂ፣ መድረክ ላይ የቆመው አዋቂ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተቀባይ መሆኑ አልቀረም።

ይባስ ብሎ ለዚህ አሮጌ ፍርድ አዲስ ምስክር ተጠርቶለታል፤ ይኸውም የአንጎል ሳይንስ ነው። በቀይና በቢጫ ያሸበረቀ የአንጎል ሥዕል በሥልጠና አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይታይና፣ የሠለጠነና ያልሠለጠነ አእምሮ ልዩነቱ ይህ ነው ይባላል። ምስክሩ ግን በቅጡ አልተጠየቀም። በቅጡ ቢጠየቅ የሚመሰክረው በተቃራኒው ነው፦ ዝም ያለ ሁሉ የተኛ እንዳልሆነ፣ ማሰብና መናገር አንድ ነገር እንዳልሆኑ፣ ፊደል የሚሠራን አንጎል እንደሚለውጥ እንጂ ባዶ አንጎልን እንደማይሞላ። ደግሞም ይህ ምስክር የሚመልሰው በተጠየቀበት ቋንቋ ነው። በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ደግሞ ገና አልተጠየቀም ማለት ይቻላል።

ነገሩ ከሥሩ ይታይ። እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም፣ ለብዙ ዓመታት «ታን» ከማለት በቀር መናገር የተሳነውን ሌቦርኝ የተባለ ታማሚ ከሞተ በኋላ አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱን በግራው የፊት ክፍል አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1874 ጀርመናዊው ካርል ቬርኒከ፣ አንደበታቸው ሳይያዝ የንግግር ትርጉም የሚጠፋባቸውን ሰዎች አጥንቶ ሌላ ሥፍራ አመለከተ። በዚያ ዘመን የአንድን ሰው አንጎል ለማየት ሰውየው መሞት ነበረበት። ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 የሕያው ሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቅሉ ላይ ቀዳ፤ ውጤቱንም በ1929 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ሴይጂ ኦጋዋ የተባለው ጃፓናዊ ከባልደረቦቹ ጋር፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲለዋወጥ ልዩነቱ በማግኔት ምስል ላይ እንደሚታይ ገለጸ። በሥራ ላይ ያለን አንጎል ያለ ቢላዋና ያለ ጨረር ለማየት በር የተከፈተው በዚህ ነው።

የመሣሪያው አሠራር ምስጢር አይደለም። ሰውየው እንደ ዋሻ ባለ ክፍት ውስጥ በጀርባው ይተኛል። በዙሪያው ያለው ማግኔት ብዙውን ጊዜ 3 ቴስላ ኃይል አለው፤ ይህም ከመሬት ማግኔታዊ ኃይል 60,000 እጥፍ ያህል ነው። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ኦክስጅን የተሸከመ ደም በብዛት ይጎርፍለታል፤ መሣሪያው የሚያነበው ይህን ነው። እንግዲህ በሥዕሉ ላይ ቀይ ሆኖ የሚታየው ሐሳብ አይደለም፤ ሐሳቡን ተከትሎ የመጣ የደም ለውጥ ነው፤ ያውም ከአምስት እስከ ስድስት ሰኮንድ ዘግይቶ ከፍታው ላይ የሚደርስ። ቀለሙም ከአንጎል የወጣ ሳይሆን በስሌት የተቀባ ነው።

የቅኔ ጉባኤ የሚያውቅ ሰው የዚህ መዘግየት ትርጉም አይጠፋውም። ባለቅኔው የመጨረሻውን ቃል ሲጥል ሰሙ ቀድሞ ይሰማል፤ ወርቁ ለቅጽበት ተሸሽጎ ይቆይና ጉባኤው በአንድ ድምፅ «ይበል!» ይላል። ያ ሁሉ ተፈጽሞ ባለቅኔው ወደ ሁለተኛው ቤት ሲሻገር የደሙ ማዕበል ገና እየወጣ ነው። መሣሪያው ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። መሣሪያው የሚያሳየው አሻራ ነው፤ አሻራ ደግሞ እግሩ በዚህ እንዳለፈ ይናገራል እንጂ መንገደኛው ወዴትና ለምን እንደሄደ አይናገርም።

የሥዕሉ አምላኪዎች ይህን አይሰሙም። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ግን ከማንም በላይ በሥራቸው ላይ ጨክነዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሞተ ሳልመን ዓሣ በመሣሪያው ውስጥ አስገብተው፣ የሰዎች ፎቶግራፍ እያሳዩ የሰዎቹን ስሜት እንዲለይ «ጠየቁት»። በስሌቱ ላይ ተገቢው ጥንቃቄ ሲጓደል በዚያ በድን አንጎል ውስጥ ሥራ የሚመስል ምልክት ታየ። ያሥቃል፤ የተደረገው ግን ለማሣቅ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 አንደርስ ኤክሉንድና ባልደረቦቹ፣ በዘርፉ በሰፊው የሚሠራባቸው የስሌት መርሐ ግብሮች የስሕተታቸው መጠን 5 በመቶ ነው ሲባል፣ በአንዳንድ አኳኋን እስከ 70 በመቶ የሐሰት ውጤት ሊሰጡ እንደሚችሉ አሳዩ። የሌቦርኝ አንጎል እንኳ፣ ፓሪስ ውስጥ ተጠብቆ በመኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በኤም አር አይ እንደገና ሲታይ ጉዳቱ ብሮካ ከገመተው የሰፋና የጠለቀ ሆኖ ተገኘ። ስለ ንቃተ ኅሊና ምንጭ የሚሟገቱ ሁለት ታላላቅ ንድፈ ሐሳቦችም በ256 ሰዎች ላይ በጋራ ተፈትነው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲታተም አንዱም ሙሉ በሙሉ አልጸደቀም።

የዕውቀቱ ባለቤቶች ራሳቸውን እንዲህ ሲመረምሩ፣ ቸርቻሪዎቹ ግን አይጠራጠሩም። ሰው ከአንጎሉ 10 በመቶውን ብቻ ይጠቀማል ይላሉ፤ ሐሰት ነው። ሒሳበኛ የግራ አንጎል ሰው፣ አርቲስት የቀኝ አንጎል ሰው ነው ይላሉ፤ ይህም ሐሰት ነው። እውነት ቢሆን ኖሮ ገጣሚ ቃል ባጠረው ነበር፤ የቋንቋ ሥራ በአብዛኛው ሰው ዘንድ በግራው ወገን ያመዝናልና። መምህር ይህን ተረት ለተማሪው ካስተላለፈ፣ አንዱን ልጅ ከሒሳብ ሌላውን ከሥዕል በገዛ እጁ አባረረ ማለት ነው።

በአንፃሩ ደግሞ ነገሩን በጅምላ የሚጥሉ አሉ። የሰው ልቡና በማግኔት አይለካም፤ ይህ የባዕዳን ጨዋታ ነው ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። እነዚህም ተሳስተዋል። ይህን ዕውቀት የሚጥል ሰው አብሮ የሚጥለው አንድ ታላቅ ምስክርነት አለና።

እ.ኤ.አ. በ2006 ኤድሪያን ኦወን የተባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ከእንግሊዝ አገር ያወጣው ጥናት የአንዲት የ23 ዓመት ሴት ነበር። በመኪና አደጋ አንጎሏ ተጎድቶ፣ ዓይኗ እየተገለጠ ለማንም ምላሽ ሳትሰጥ አምስት ወር ያህል ቆይታለች። ሐኪሞች በአልጋዋ አጠገብ ቆመው የሚያደርጉት ምርመራ ሁሉ ንቃተ ኅሊና የላትም ይል ነበር። በመሣሪያው ውስጥ አስተኝተው ቴኒስ ስትጫወት እንድታስብ፣ ከዚያም በቤቷ ከክፍል ወደ ክፍል ስትዘዋወር እንድታስብ ነገሯት። አንጎሏ ጤነኛ ሰዎች ተመሳሳዩን ሲያስቡ የሚሠሩትን ክፍሎች አሠራ። ሰምታለች፤ ገብቷታል፤ ታዛለች። የጠፋው ንቃቷ ሳይሆን ንቃቷን የምትገልጥበት መንገድ ነበር።

ይህ የአንዲት ሴት ብቻ ታሪክ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ፣ በበርካታ አገሮች ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት፣ ለትእዛዝ ምንም የሚታይ ምላሽ የማይሰጡ 241 ታማሚዎችን በኤም አር አይ ወይም በአንጎል ሞገድ መቅጃ መርምሮ ከእነርሱ 60 የሚሆኑት፣ ማለትም ከአራቱ አንዱ፣ ትእዛዙን በሐሳባቸው እንደሚፈጽሙ አሳየ። የዚያው ጥናት ሌላ ውጤትም ከዚህ ያላነሰ ትምህርት አለው። በአካላቸው ምላሽ ከሚሰጡት 112 ታማሚዎች መካከል መሣሪያው ምላሻቸውን ያገኘው በ43ቱ ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ ያላየውን መሣሪያው ያያል፤ መሣሪያው የሚስተውን ደግሞ ሐኪሙ ያያል። «ምላሽ አላገኘሁም» ማለት «ሰው የለም» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው ምስክርነት ስለ ቋንቋና ስለ ሐሳብ ነው። ያለ ቋንቋ ሐሳብ የለም፣ ስለዚህም በሚገባ የማይናገር በሚገባ አያስብም የሚል እምነት በብዙ ምሁራን ዘንድ ሥር ሰዷል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የምትመራመረው ኤቨሊና ፌዶሬንኮና ባልደረቦቿ ለዓመታት ያካሄዱት የምስል ጥናት ግን ሌላ ያሳያል። ለቋንቋ የሚሠራው የአንጎል መረብ፣ ሰው ሒሳብ ሲያሰላ ወይም እንቆቅልሽ ሲፈታ ከሞላ ጎደል ጸጥ ይላል፤ ለዚያ የሚሠራው ሌላ መረብ ነው። በደም ሥር አደጋ ምክንያት ቋንቋቸው እጅግ የተጎዳባቸው ሰዎች ሒሳብ መሥራት፣ ቼዝ መጫወት፣ የነገሮችን መንሥኤና ውጤት ማገናዘብ መቻላቸውም ታይቷል። እንግዲህ በስብሰባ ላይ አንደበቷ የታሰረው የሽንኩርት ነጋዴ በገበያው ላይ የምታሰላው በተኛ አእምሮ አይደለም። የአዳራሹን ቃላት ማጣቷ የማሰቢያዋን ማጣት አያሳይም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ስለ ሰው ልጅ ቋንቋ የተነገረው ሁሉ የተወሰደው ከየትኛው የሰው ልጅ ቋንቋ ነው? በአብዛኛው ከእንግሊዝኛና ከጥቂት የሀብታም አገሮች ቋንቋዎች ነው። ይህን ለማረም እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይማ ማሊክ-ሞራሌዳና ፌዶሬንኮ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት በ12 የቋንቋ ቤተሰቦች ውስጥ የሚመደቡ 45 ቋንቋዎች ተፈተኑ። መረቡ በሁሉም ዘንድ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ይህ ለዘረኞች መራራ፣ ለቀናዎች ሁሉ ጣፋጭ ዜና ነው። ይሁንና በጥናቱ የተካፈሉት 86 ሰዎች ነበሩ፤ ለአንድ ቋንቋ ቢበዛ ሁለት ተናጋሪ ማለት ነው። ከሁለት ሰው አንጎል የአንድ ቋንቋ ባሕርይ አይታወቅም፤ አጥኚዎቹም ሥራቸው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ከ80 በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት ኢትዮጵያ ሁለተኛውን ምዕራፍ እጇን አጣጥፋ ልትጠብቅ አይገባም።

አማርኛ ብቻውን ስንት ጥያቄ እንደሚያስነሣ ይታይ። «አልሰበረችባቸውም» የሚለው አንድ ቃል አድራጊዋን፣ ድርጊቱን፣ ጉዳቱ ሊደርስባቸው የነበሩትን ሰዎችና ድርጊቱ አለመፈጸሙን አጠቃሎ ይዟል፤ አፍራሹም ምልክት ቃሉን ከራሱና ከእግሩ አቅፎታል። ሥሩ ግን ሦስት ተነባቢዎች ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱ ሰበረ፣ ሰባበረ፣ ተሰበረ፣ ስብራት ይወለዳሉ። ግሡም በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ አድማጩ ነገሩን ሁሉ በእንጥልጥል ይዞ ይቆያል። አንጎል ይህን ሥር ከቃሉ ለይቶ ያውቀዋልን? እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ አንድ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ታማሚ የታተመ ጥናት ፍንጭ ይሰጣል፤ ሰውየው አንጎሉ ከተጎዳ በኋላ በዐረብኛ ሲናገር የሥሩን ተነባቢዎች ቦታ ያለዋውጥ ነበር፤ በፈረንሳይኛ ግን እንዲያ አያደርግም ነበር። ሥሩ በመጽሐፍ ላይ ያለ የሊቃውንት ፈጠራ ሳይሆን በአንጎል ውስጥ የሚኖር ነገር መሆኑን ይጠቁማል። አዝማሪዎች ይህን ከሳይንስ በፊት ያውቁት ነበር። ቮልፍ ሌስላው ባጠናው የምስጢር ቋንቋቸው የቃሉን ሥር እየነጠሉ፣ ድምፅ እየጨመሩና እየደጋገሙ፣ ባዕድ ሰሚ እንዳይገባው ያደርጉታል። ሰዋስው ያስተማራቸው አልነበረም። ያልነቁ ነበሩን?

ሦስተኛው ምስክርነት ስለ ፊደል ነው፤ ለኢትዮጵያም ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኮሎምቢያ የትጥቅ ትግል ትተው ወደ ሰላማዊ ኑሮ የተመለሱና ከጎለመሱ በኋላ ማንበብ የተማሩ 20 ሰዎች ማንበብ ከማይችሉ 22 ሰዎች ጋር ተነጻጽረው፣ ንባብ በአንጎል አካል ላይ የሚታይ ለውጥ እንደሚያመጣ ተገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2010 ስታኒስላስ ደሃን የተባለው ፈረንሳዊ ከባልደረቦቹ ጋር በብራዚልና በፖርቱጋል 63 ሰዎችን አጥንቶ፣ በጎልማሳነት የተማሩት ሰዎች አንጎል በልጅነት ከተማሩት አንጎል ጋር ብዙ የሚያመሳስለው ለውጥ እንዳገኘ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በሰሜን ሕንድ መንደሮች ለስድስት ወር የዴቫናጋሪን ፊደል የተማሩ ጎልማሶች ተጠኑ፤ ለውጡ ከአንጎል ቅርፊት አልፎ ወደ ጥልቁ የእይታ መንገዶች መድረሱ ታየ። የዴቫናጋሪ ፊደል እንደ ኢትዮጵያ ፊደል ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ምልክት ያጣምራል።

እነዚህ ጥናቶች ሁለት ነገር ይናገራሉ። አንደኛ፣ የትምህርት ጊዜ አለፈ የሚባልለት ጎልማሳ የለም። ሁለተኛ፣ ንባብ አዲስ አንጎል አይፈጥርም፤ ነገሮችን በማየትና ንግግርን በመስማት ሲሠራ የኖረ አንጎል ለአዲስ አገልግሎት ይሰናዳል እንጂ። መምህሩ ጎልማሳውን ተማሪ ሲያገኘው በሙሉ የሚሠራ አእምሮ ነው ያገኘው። መሃይምነት ጨለማ ነው የሚለው አባባል ለመቀስቀሻ ይመች ይሆናል፤ እውነት ግን አይደለም።

ኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከማናቸውም አገር የበለጠ ዕድል ነበራት። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጎልማሶችን ከፊደል ጋር አስተዋወቀ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን ሽልማት አስገኘ። የዘመቻው ጉድለትም ግዳጅም ብዙ ነበር፤ ያም ሆኖ በዓለም ላይ ከታዩት ታላላቅ የጎልማሶች ትምህርት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ማንም አይፍቀው። ተማሪዎቹ ተቆጠሩ፤ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ በሪፖርት ሰፈሩ። እንዴት እንደተማሩ፣ ምን እንደተለወጠባቸው፣ ምን ይዘው እንደመጡ ግን የጠየቃቸው ጥቂት ነው። ኮሎምቢያ የ20 ሰዎችን አንጎል አጥንታ ለዓለም አበረከተች። በዘመቻው ጊዜ 30 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ከ75 ዓመት በላይ ነው። ምስክሮቹ በየዓመቱ እያለፉ ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር የሚቀበረውን ዕውቀት የትኛውም ማሽን አያወጣውም።

ይህ ሁሉ የምሁራን ጨዋታ የሚመስለው ካለ ወደ ሆስፒታል ይግባ። በዓለም ዙሪያ የተጎዳ ሰው ንቃት የሚመዘንበት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በግላስጎው የተዘጋጀው ሚዛን ከ15 ነጥብ 5ቱን የሚሰጠው ለንግግር ነው። በሀይሌ ጋርመንት አደባባይ መኪና የገጨው አንድ አረጋዊ ተሸካሚ ይታሰብ። የሚያውቁት ቋንቋ ሐዲይኛ ብቻ ነው እንበል። ነርሷ በትሕትና «አባባ፣ ይሰሙኛል? እጄን ይጨብጡ። ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» ትላቸዋለች። በቋንቋቸው የሆነ ነገር ያጉረመርማሉ። የሚያስረዳ ሰው ከአጠገብ ከሌለ፣ ግራ የተጋባ ወይም የማይገባ ድምፅ የሚያሰማ ተብለው ሊመዘኑ ይችላሉ። ያ ቁጥር ደግሞ ስለ ሕክምናቸው በሚወሰነው ውሳኔ ውስጥ ይገባል። በአዳራሽ የተሰጠው ፍርድ የሰውን ክብር ቢነካ፣ እዚህ የሚሰጠው ፍርድ ሕይወትን ይነካል። ነርሷ አልበደለችም፤ በደሉ ሚዛኑን በሕዝቡ ቋንቋዎች ሳያዘጋጁ በእጇ ያስቀመጡት ሁሉ ነው።

ለዚህ የሚቀርበው መቃወሚያ ይታወቃል፤ አገሪቱ መድኃኒትና ዳቦ እየቸገራት የአንጎል ምስል ምን ሊረባት ነው ይባላል። መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማግኔት ሳይሆን ቃል ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ፣ በሐዲይኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ለታማሚ የሚነገሩ አጫጭር ትእዛዞች፣ የቋንቋ ጉዳት የሚለካባቸው የቃላት ዝርዝሮችና ታሪኮች መዘጋጀት አለባቸው። ይህን ለመሥራት የቋንቋ ሊቅ፣ ሐኪምና ደራሲ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ይበቃል። ሁለተኛው የአንጎል ሞገድ መቅጃ ነው፤ ከኤም አር አይ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ የቃልን መንገድም በሰኮንድ ሽራፊ ይከተላል። ሦስተኛው፣ በዘመቻው የተማሩትን አረጋውያን ድምፅና ትዝታ መቅዳት ነው። ኤም አር አይ መሣሪያዎችም በመዲናይቱ ሆስፒታሎች አሉ፤ ሥራቸው በሽታን መፈለግ ነው፤ መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲዎች ጥያቄያቸውን አስቀድመው ካላዘጋጁ፣ ነገ መሣሪያ ሲተርፍ የሚጠየቀው የሌላ አገር ጥያቄ ይሆናል። ያን ጊዜ ኢትዮጵያዊ አንጎሉን ያበድራል፤ ትርጉሙን ግን ሌላው ይጽፈዋል።

የኪነ ጥበብ ሰዎችም ከዚህ ነቀፋ አያመልጡም። ባላገሩን አፉን ከፍቶ ከተማ የሚያይ ተላላ፣ ቤት ሠራተኛዋን ነገር የማይገባት መሣቂያ አድርጎ መድረክ ላይ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው። ተመልካቹ ይሥቃል፤ ሣቁ ግን የሪፖርቱን ዐረፍተ ነገር ያጸድቃል። ዝምታን የማያነብ ጸሐፌ ተውኔት የሙያው ግማሽ ጎድሎታል። በመድረክ ላይ ከሁሉ የከበደው ቃል ያልተነገረው እንደሆነ እያወቀ፣ በሕይወት ላይ ያልተናገረውን ሰው ባዶ አድርጎ ይጽፈዋልን?

ስለዚህ ካድሬው በሚቀጥለው ሪፖርቱ ላይ ያን ዐረፍተ ነገር ከመጻፉ በፊት አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፦ በየትኛው ቋንቋ ነበር የጠየቅኋት? መምህሩ ዝም ያለውን ተማሪ ከመጻፉ በፊት፣ ደራሲው ገጸ ባሕርዩን ከማደንቆሩ በፊት ይህንኑ ይጠይቁ። ሐኪሞች አምስት ወር ዝም ያለችውን ሴት ቀርበው፣ በሚገባት ቋንቋ፣ ልትመልስበት በምትችልበት መንገድ ጠየቁ፤ መለሰችም።

በሀይሌ ጋርመንት ገበያ ነገም ሳይነጋ ጆንያ ይወርዳል። ነጋዴዋ በሦስት ቋንቋ ታስባለች፤ በአንድም አትጽፍም። ከተነሣች ቆይታለች፤ ደጇን የሚያንኳኳ ሰው እርሷን ለመቀስቀስ ሳይሆን ለመስማት ይምጣ።